«ዜሮ ልቀት» የሚባለው የሃይድሮጅን ባቡር
በ2018 እ.ኤ.አ. በጀርመን ታችኛው ሳክሶኒ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የፈረንሳዩ ባቡር ሠሪ ኩባንያ የአልስቶም ባቡር «ዜሮ ልቀት» ይባላል። አባባሉ የሚሠራው ለባቡሩ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የነዳጅ ሴል በ350 ባር ግፊት የታመቀውን ሃይድሮጅን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የሚወጣው እንፋሎትና ውሃ ነው። ብዙዎች እንደሚመስላቸው ሃይድሮጅኑ አይቃጠልም።

ዋናው ጉዳይ ሃይድሮጅኑ የመጣበት ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ ከተመረተ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካው ይለቀቃል። ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ከሆነ ደግሞ 1 ኪሎው ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ግን ከ20 አይበልጥም። ስለዚህ ከሀዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት መስመር ሃይድሮጅን መጠቀም ብክነት ነው። የሚያዋጣው ሽቦ መዘርጋት በማያዋጣበት ረጅም የናፍጣ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ አጭር ከሆነ የባትሪ ባቡር ይሻላል።