ላሊበላን በሦስት ቀን፣ በአቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላሊበላ ለመሄድ የተነሣ ሰው ምክር አያጣም። ችግሩ ከምክሩ ብዙው ወይ ኪስ የሚያራቁት፣ ወይ ቀን የሚበላ መሆኑ ነው።

«ለገና ያልሄደ ላሊበላን አየሁ አይበል»

በገና ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት አፋፍ፣ ማሜ ጋራ ላይ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን ዝማሬ ሲያሸበሽቡ የሚታየውን ነገር የሚተካ የለም። ለአጭርና ለቁጥብ ጉዞ ግን ከዓመቱ ሁሉ የማይመቸው ቀን ይኸው ነው። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፣ ደህናው ክፍልም ቀድሞ ይያዛል። የቤተ ማርያምን ሥዕልና ቅስት ቆም ብሎ ማየትም ዘበት ነው፤ ሕዝቡ እየገፋ ያስወጣዎታል።

ለባለ ሦስት ቀን እንግዳ የሚሻለው ወርኀዊ በዓል ነው። በ20 ማታ ገብቶ በ23 የሚወጣ ሰው፣ በ21 ማርያምን በቤተ ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስን በቤተ ጊዮርጊስ ያስቀድሳል፤ መሐል ያለው ቀን ለጉብኝት ይቀረዋል። 27 ደግሞ መድኃኔ ዓለም ነው። ከእነዚህ አንዱ ቅዳሜን ከተጠጋ ገበያውም ይጨመራል። የላስታ ነጭ ማር መግዛት ከፈለጉ ያኔ ነው (የከተማዋ ስም ራሱ «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ከማለት መጣ ይባል የለ!)። ወሩን መምረጥ ለሚችል ጥቅምትን የሚያህል የለም፦ ዝናቡ አባርቶ ጋራው ገና አልደረቀም።

«በመኪና መሄድ ሁልጊዜ ይረክሳል»

መነሻው የት ነው? ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ወልድያ 120 ያህል ነው። ከዚያ የዲልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን። በሕዝብ ማመላለሻ ሲኬድ ሁለት ቀን፣ ደርሶ መልስ አራት ቀን ይፈጃል። የሁለት ሌሊት አልጋና የመንገድ ምግብ ሲደመርበት ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፤ የአራት ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ከተማዋን ሳያይ ፈቃዱ ያልቃል። ለደሴና ለወልድያ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አውቶቡሱ ያዋጣዋል።

በመኪና የሚሄድ በማለዳ ይነሣ። ከሰዓት በኋላ ከጋሸና የሚነሣ መኪና እየሳሳ ስለሚሄድ፣ የዘገየ ሰው እዚያው ብርድ ላይ ያድራል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ፣ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሾፌር ሳይጠይቁ አይነሡ፤ በምሽት ደግሞ ጨርሶ አይጓዙ።

በአውሮፕላን የሚመጣም ልብ ይበል፦ ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሻንጣዎን ከመጫንዎ በፊት «በሰው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ መኪናውን ለብቻ እንደተከራዩ ሊቆጠርብዎ ይችላል።

«ግማሽ ቀን ይበቃል»

ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በሩጫ ካዩማ ይበቃል። ችግሩ እኩለ ቀን ላይ ለጎብኚ መዘጋታቸው ነው፤ የተለመደው ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 6፣ ከዚያ ከ8 እስከ 11 ተኩል ገደማ ነው። ረፋድ ላይ የጀመረ ሰው መሐል ላይ በር ይዘጋበትና ምሳውን ጨርሶ ሲቀመጥ ይውላል። በጾም ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ውስጡን በጠዋት ይጨርሱ።

የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ጠዋት ዮርዳኖስ ከሚባለው የወንዝ ቦይ በስተ ሰሜን ያሉትን፣ ማለትም ከመድኃኔ ዓለም ጀምሮ ማርያምን፣ መስቀልን፣ ደናግልን፣ ደብረ ሲናንና ጎልጎታን። ሴቶች ጎልጎታ እንደማይገቡ ቀድሞ ማወቅ በር ላይ ከመከፋት ያድናል። ከሰዓት በኋላ በማዶ ያሉት አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ገብርኤል ወሩፋኤል ይታያሉ። በዚያ በኩል ድቅድቅ ጨለማ የሆነ ዋሻ አለ፤ የስልክ መብራት ያዝ አድርገው፣ ራስዎን ዝቅ አድርገው ይለፉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁሉም ተነጥሎ ስላለ ለመጨረሻ ይተዉት፤ መጀመሪያ ከላይ ከአፋፉ፣ ከዚያ ወርደው።

በየበሩ ጫማ ይወልቃል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ያደረገ ሰው ቀኑን ጎንበስ ቀና ሲል ይውላል። ካልሲ ወፈር ያለ ይሁን፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣውም።

«አስጎብኚ ትርፍ ወጪ ነው»

ለአንድ ሰው ሊከብድ ይችላል። ሦስት አራት ሆኖ መታወቂያ ያለው አስጎብኚ መያዝ ግን ለእያንዳንዱ ብዙም አይሆንም፤ በቦዩና በዋሻው መሐል መንገድ ፍለጋ የሚባክነውን ሰዓትም ያተርፋል። ሒሳቡ ለቡድኑ ነው ወይስ ለአንድ ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ ጫማ ጠባቂውን ይጨምራል ወይ? ይህ ሁሉ ከመነሣት በፊት ቁርጡ ይታወቅ።

«ወሎ ሙቀት ነው፣ ጋቢ ምን ያደርጋል»

ቆቦ ላይ እውነት ነው። ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለሌሊት ማኅሌት ጋቢ የግድ ነው።

«ትኬቱ ሁሉንም ያሳያል»

የከተማውን ብቻ። የመግቢያው ዋጋ ለሀገር ውስጥና ለውጭ ጎብኚ ስለሚለያይ መታወቂያ ይያዙ። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነአኩቶ ለአብና አሸተን ማርያም ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ቀንም ገንዘብም ካጠረ ከሦስቱ አሸተንን ይምረጡ፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል አቀበት ነው፣ መኪና አያስፈልግም፣ ላስታም ከላይ ሆኖ ይታያል። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸ፣ ከላሊበላዎቹ የሚቀድም ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን መኪና ይጠይቃል። ዋዜማውን ማታ ባረፉበት ሆቴል ሌሎች ተጓዦችን ጠይቀው፣ አራት ሆነው ኪራዩን ይካፈሉ፤ ጠዋት ላይ ጓደኛ ፍለጋ ከወጡ ሁሉም ሄዷል።