ድዋርፍ ምንድን ነው? «አጭር ቫይኪንግ» ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ፋንታሲ ጌሞች ሲያወራ «ድዋርፍ ማለት በቃ አጭር ቫይኪንግ ነው፤ የስኮትላንድ አነጋገር ጨምርበት፣ አለቀ» አለ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። የማጠናው የጥንት ሰሜን አውሮፓን ጽሑፍ ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ድዋርፍ የፋንታሲ ፍጡር ነው፤ ረጅም ጺም፣ መጥረቢያ፣ ተራራ ሥር የተቆፈረ ከተማ። ይህን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። የምንጣላው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

በቡና ላስረዳ። አንድ እንግዳ በረካ ላይ ይደርሳል። አቦሉም ቶናውም አምልጦታል። ሲኒው ውስጥ ጤና አዳም ገብቶበታል። እሱ ግን አንዴ ፉት ብሎ «የዚህ ቤት ቡና የሚሠራው ከጤና አዳም ነው» ይላል። ሰውዬው ስለ ድዋርፍ ያለው ይህንኑ ነው።

የስኮትላንዱ አነጋገር ጤና አዳሟ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ለድዋርፉ የስኮትላንድ አነጋገር ሰጠው። በኋላ ጌሞችና ፊልሞች ተቀባበሉት። ስለ ሥሩ የሚነግረን ነገር የለም።

አቦሉ የአይስላንድ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት ግጥሞችና የአይስላንዱ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ «ድቬርግር» የሚባሉ ፍጥረታት አሉ፤ በኖርስ፣ ማለትም በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ፣ ድዋርፍ ማለት ነው። ስኖሪ እንደሚለው ከግዙፉ ከይሚር ሥጋ ውስጥ እንደ ትል ተፈጠሩ። ከዚያ አማልክቱ የሰው መልክና አእምሮ ሰጧቸው። የሚኖሩት በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ነው። ሥራቸው አንጥረኛነት ነው። የነጎድጓድ አምላኩን የቶርን መዶሻ የሠሩት እነሱ ናቸው። አንዱ ወናፍ ሲነፋ ተንኮለኛው ሎኪ ዝንብ ሆኖ ሽፋሽፍቱን ነደፈው፤ ለአፍታ እጁ ከወናፉ ተነሣ፤ የመዶሻው እጀታ አጥሮ ቀረ።

እስቲ እዚህ ውስጥ ቫይኪንጉ የታል? ቫይኪንግ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ የሚዘርፍ ሰው ነው። ድቬርግር ከድንጋዩ መውጣትም አይወድ፤ በአንዱ ግጥም ከምድር በላይ እንዳለ ፀሐይ ትወጣበትና ያበቃለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ግጥሞቹን የሚያወሩት ሰዎች ስለ ራሳቸው እያወሩ አልነበረም። ድቬርግር ለእነሱ ሌላ ነው፤ ባዕድ ነው፤ ዕቃው የሚፈለግ፣ እሱ ራሱ ግን የማይታመን። ስለዚህ «ድዋርፍ ቫይኪንግ ነው» ማለት ተራኪውን ከሚተረክለት ጋር ማምታታት ነው።  

«ድንክ» ብለን መተርጎማችንም ሌላ ጣጣ ነው። እነዚህ ጽሑፎች ስለ ቁመታቸው እምብዛም አያወሩም። ሬጊን የሚባለው አንጥረኛ ቁመቱ የድቬርግር እንደሆነ የሚናገር አንድ ቦታ አለ፤ እሱን አልደብቅም። ግን ያው ስኖሪ ሰማይን በአራት ማዕዘን የተሸከሙት አራት ድቬርጋር (የድቬርግር ብዙ ቁጥር) ናቸው ይላል፤ ስማቸውም ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ሰማይ ለተሸከመ ፍጡር «ድንክ» የሚለው ቃል እንዴት ይበቃዋል? አጭር ቁመት ያላቸው ሰዎችም ከዚህ ተረት ጋር በአንድ ቃል መታሰራቸው ልክ አይደለም።

ማጠሩ በደንብ የሚታየው ቶናው ላይ ነው፤ ጀርመን፣ የሳክሶኒ ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ። ሐኪሙና የማዕድን ሊቁ ጌኦርጊዩስ አግሪኮላ በ1549 ከምድር በታች ስለሚኖሩ ፍጥረታት ጻፈ። ማዕድን ቆፋሪዎች አየናቸው የሚሏቸው መናፍስት ሦስት ስንዝር ይሆናሉ ይላል። ሽማግሌ ይመስላሉ። እንደ ቆፋሪ ለብሰው ወገባቸው ላይ ቆዳ አስረዋል። ሲሯሯጡ ይታያሉ፣ የሚሠሩት ግን የለም። ቆፋሪዎቹ ብር መስሏቸው ያወጡት ድንጋይ ሲቀልጥ መርዘኛ ጭስ ብቻ ሲሰጣቸው «ኮቦልድ ነው ያበላሸብን» ይሉ ነበር፤ ኮቦልድ የጉድጓዱ መንፈስ ነው። ኮባልት የሚለው የማዕድን ስም የመጣው ከዚያ ነው። በሙያችን ኮቦልድና ድቬርግር አንድ አይደሉም፤ ተረቱ ግን ቀላቀላቸው። በ1812 ጀርመናዊዎቹ የግሪም ወንድማማቾች ባሳተሙት የስኖው ዋይት ተረት ውስጥ ሰባቱ ትንንሾች ጠዋት ጠዋት ማዕድን ፍለጋ ተራራ ይወጣሉ። እነዚህ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው እንጂ የባሕር ዘራፊዎች አይደሉም።

በረካውን ያፈላው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ነው። እርግጥ ቡና በየዙሩ ይቀጥናል፤ ይኼኛው ግን እየወፈረ ነው የሄደው። ክርክሩም የሚካረረው እዚህ ነው። «የቶልኪን ድዋርፎች ስማቸውስ? ቶሪን፣ ድዋሊን፣ ፊሊ፣ ኪሊ የኖርስ ስም አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ነው። ቶልኪን በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» በተባለው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ስሞቹን በቀጥታ ከአይስላንዱ ግጥም ወሰደ። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያው የድቬርጋር ዝርዝር ነው። ግን ዳዊት የሚባል ሁሉ ከቤተ ልሔም አልመጣም።

ቶልኪን በ1955 በጻፈው ደብዳቤ ድዋርፎቹን የሚያስባቸው እንደ አይሁድ መሆኑን ተናግሯል። የሚኖሩበት አገር ልጆችም ናቸው፣ ባዕዳንም ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ይናገራሉ፣ ግን የራሳቸው ቋንቋ ለዛ አለበት። ከአገራቸው ተፈናቅለዋል፣ መመለስን ይናፍቃሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወርቅ ወዳድነታቸው ከአይስላንድም ይመጣል፤ ከአይሁድ ጋር ሲደረብ ግን «አይሁድ ገንዘብ ይወዳሉ» የሚለውን አሮጌ ስድብ ያስታውሳል። አንባቢ ይህ ቢከብደው አልፈርድበትም።

ቋንቋቸውን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከማንም ቀድሞ ልብ ሊለው ይገባ ነበር። ኹዝዱል ይባላል። የተሠራው ሆን ተብሎ በሴማዊ ቋንቋዎች አምሳል ነው። ሕዝቡ ኻዛድ ነው፣ ቋንቋው ኹዝዱል ነው። ኽ፣ ዝ፣ ድ ባሉበት ይቆያሉ፤ በመካከላቸው አናባቢው ይለዋወጣል። ንጉሥ ብለን ነገሥት፣ ሰበረ ብለን ስብራት እንደምንለው ማለት ነው። አይስላንድኛ እንዲህ ያለ የሦስት ፊደል ሥር የለውም።

የስሞቹንም ነገር ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ መልሶታል። ቶሪንና ድዋሊን ለጎረቤት የሚነገሩ ስሞች ናቸው፤ ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተወሰዱ። እውነተኛ ስማቸውን ለባዕድ አይናገሩም። መቃብራቸው ላይ እንኳ አይጽፉትም።