የሬንጅ ሺንግል፦ አመራረቱና በድሬዳዋ ጣሪያ ላይ የሚገጥመው

ሺንግል ከመስታወት ክር በተሠራ ስስ ምንጣፍ ላይ ትኩስ ሬንጅ ተቀብቶ፣ ላዩ ቀለም ባለው የድንጋይ ቅንጣት ተሸፍኖ የሚቆረጥ የጣሪያ ክዳን ነው። ከአሸንዳው በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ በረድፍ እየተደራረበ በምስማር ይመታል። በድሬዳዋና በሐረር አብዛኛው ቤት የሚከደነው በቆርቆሮ ነው። ሆኖም ሺንግል ዝናብ ሲመታው ስለማይጮህና ብርሃን ወደ ጎረቤት መስኮት ስለማያንጸባርቅ የሚመርጡት አሉ። ምርጫው ግን ከቀለም ካታሎግ መጀመር የለበትም። ሬንጅን ከዝናብ ይልቅ የሚያረጀው ሙቀትና ፀሐይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ ጥቁር ጣሪያ 70 ዲግሪ ያልፋል። ፋብሪካ ውስጥ የተጓደለ ነገር ሁሉ እዚህ ቶሎ ይገለጣል።

የሺንግል ታሪክ ከከተማዋ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። የጂቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ ሄንሪ ሬይኖልድስ የተባለ የጣሪያ ሥራ ተቋራጭ ድንጋይ የተረጨበትን ጥቅል የሬንጅ ክዳን እየቆራረጠ መግጠም ጀመረ። ያኔ የሬንጁ ተሸካሚ ከጨርቅ ቁርጥራጭና ከወረቀት የተሠራ ወፍራም ሉህ ነበር። ይህ ሉህ እርጥበት ስለሚመጥ ጠርዙ ይጥመለመላል፣ እሳትም ይፈራል። የመስታወት ክር ተክቶታል።

ሬንጁ

ለጣሪያ የሚሆነው ሬንጅ ለመንገድ ከሚሆነው ይለያል። ሁለቱም ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ዝቃጭ ይገኛሉ። ለአስፋልት መንገድ የሚውለው 60/70 የተባለው ደረጃ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። መንገድ ላይ ጠጠር አቅፎ ስለሚይዘው ችግር የለውም። ተዳፋት ጣሪያ ላይ ግን በድሬዳዋ ቀትር ተንሸራቶ አሸንዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የጣሪያው ሬንጅ አየር ይነፋበታል። ዝቃጩ ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ረጅም ታንክ ውስጥ ይገባል፤ ከታች በኩል አየር በአረፋ መልክ ይለቀቅበታል። ኦክሲጅኑ ከሬንጁ ጋር ሲዋሐድ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ታንኩ 260 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ እንዳያልፍና እንዳይቀጣጠል ውሃ እየተረጨ ይቆጣጠሩታል። ሥራው እንደ ዝቃጩ ዓይነት ከአንድ እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ለማፋጠን ፌሪክ ክሎራይድ ወይም ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ይጨመራል። የሚወጣው ጭስ ሽታውም ጉዳቱም ከባድ ስለሆነ ተሰብስቦ ይቃጠላል።

ውጤቱ የሚለካው በሁለት ቀላል ሙከራ ነው። በመጀመሪያው፣ በነሐስ ቀለበት ውስጥ በተሞላ ሬንጅ ላይ የብረት ኳስ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ኳሷ ሬንጁን ስባ የምትወርድበት ሙቀት የመለስለሻው ሙቀት ይባላል። ለሺንግል ይህ ከ88 እስከ 113 ዲግሪ መሆን አለበት። በሁለተኛው ሙከራ 100 ግራም የተጫነባት መርፌ በ25 ዲግሪ፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል እንደምትጠልቅ ይታያል፤ ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር መግባት አለባት። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይጓተታሉ። አየሩ በበዛ ቁጥር መለስለሻው ከፍ ይላል፣ መርፌዋ ግን አትገባም፤ ይህም ማለት ሬንጁ ሙቀት ይችላል እንጂ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ጥሩ አምራች የሚታወቀው በዚህ ሚዛን ነው።

ምንጣፉ፣ ዱቄቱና ድንጋዩ

ምንጣፉ እንደ ወረቀት በውሃ ይሠራል። ሦስት ሳንቲሜትር ያህል እየተደረገ የተቆረጠ የመስታወት ክር ውሃ ውስጥ ይበተናል፣ በወንፊት ላይ ይነጠፋል፣ በዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ሙጫ ታስሮ ይደርቃል። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም ነው። ውሃ የሚከለክለው ሬንጁ ነው፤ የምንጣፉ ሥራ መቀደድን መቋቋም ነው። ምንጣፉ የሳሳ እንደሆነ ሺንግሉ በንፋስ ሲነሣ በምስማሩ ዙሪያ ይቀደዳል።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ፦ በሺንግል ላይ ከሚቀባው ልባስ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ክብደት ሬንጅ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ማጭበርበር አይደለም። ዱቄቱ ልባሱን ያጠነክረዋል፣ እሳት እንዳይዛመት ያግዛል፣ ዋጋም ይቀንሳል። በደንብ መላም አለበት፤ አብዛኛው በ75 ማይክሮን ወንፊት ማለፍ ይኖርበታል። ከመቀላቀሉ በፊት መሞቅና መድረቅ ግዴታው ነው፤ እርጥብ ዱቄት 200 ዲግሪ የሞቀ ሬንጅ ውስጥ ሲገባ ውሃው ተንኖ ሬንጁን አረፋ ያደርገዋል። ያ አረፋ ልባሱ ውስጥ ከቀረ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል። የዱቄቱ መጠን ከ70 በመቶ ሲሻገር ደግሞ ሺንግሉ ይሰባበራል። በድሬዳዋ ዙሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችን የሚመግብ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ከሺንግል ጥሬ ዕቃ ውስጥ በክብደት ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ እዚሁ ደጅ ላይ ያለ መሆኑ፣ በአካባቢው የጣሪያ ክዳን ማምረትን የሚያስብ ሰው ሊመዝነው የሚገባ ነገር ነው። ሬንጁ ግን በጂቡቲ በኩል ከውጭ መምጣት አለበት።

ላዩ ላይ የሚረጨው ቅንጣት ለጌጥ ብቻ አይደለም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ከሬንጁ የሚከልለው እሱ ነው። ባዶ ሬንጅ ፀሐይ ላይ ሲውል ዘይቱ ይደርቃል፣ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ለዚህ የሚመረጠው ብርሃን የማያሳልፍ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልትና አንዴሳይት ይሠራሉ። ድንጋዩ ከግማሽ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ድረስ ይፈጫል። ቀለሙ በላዩ የሚቀባ ተራ ቀለም ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ይታጠብ ነበር። ስለዚህ ሶዲየም ሲሊኬት፣ ሸክላና የብረት ኦክሳይድ ተቀላቅለው ቅንጣቱ ላይ ይለበጣሉ፤ ከዚያ በ500 ዲግሪ ገደማ ይጠበሳል። ቀዩ ከብረት ኦክሳይድ፣ ነጩ ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ አረንጓዴው ከክሮሚየም ኦክሳይድ ይገኛል።

መስመሩ ላይ

ምንጣፉ ከጥቅሉ ይፈታል፣ ትኩሱ ልባስ ከላይና ከታች ይቀባዋል፣ ውፍረቱ በሁለት ሮለሮች መካከል ባለው ክፍተት ይወሰናል። ወዲያው ቅንጣቱ ይረጫል፣ ሉሁም በሮለር ይጫናል። እዚህ ላይ ሙቀቱ ወሳኝ ነው፤ ሬንጁ ቀዝቅዞ ከደረሰ ቅንጣቱ አይሰምጥም፣ በጣም ከሞቀ ደግሞ ሰምጦ ይጠፋል። ጀርባው እንዳይጣበቅ ታልክ ወይም ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል። ሉሁ በረጃጅም ማንጠልጠያዎች ላይ እየወጣ እየወረደ በውሃ ርጭትና በቀዝቃዛ ሮለር ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ፀሐይ ሲያገኝ የሚቀልጥ የማጣበቂያ መስመር ተደርጎበት ይቆረጣል። እሽግ ውስጥ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሚከላከለው የፕላስቲክ ጥብጣብ ጀርባው ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ገጣሚው ይህን ጥብጣብ መላጥ አይጠበቅበትም፤ ሲደረደር ከማጣበቂያው ጋር ስለማይገናኝ ባለበት ይቀራል።

ጣሪያው ላይ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ተዳፋቱ ነው። በአንድ ሜትር አግድም 33 ሳንቲሜትር የሚነሣ ጣሪያ ይመቸዋል። እስከ 17 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት የሚቻለው ከሥሩ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ በድርብ ከተደረገ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሺንግል አይሆንም፤ ውሃው ከመፍሰስ ይልቅ በመደራረቢያው ሥር ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ በሐረር ጁገል ውስጥ ላሉት፣ በእንጨት ወራጅና በአፈር ለተሠሩት የጥንት ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያ ሺንግል መፍትሔ አይደለም። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑም የቤቶቹን መልክ መቀየር ተገቢ አይሆንም። ለሶሌታ ጣሪያም ቢሆን የሚያገለግለው በእሳት እየተለበለበ የሚለጠፈው ባለ 4 ሚሊሜትር የሬንጅ ጥቅል ነው።

ቀጥሎ ክብደቱ ይታሰባል። ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ አይሞላም። ሺንግል ከ8 እስከ 12 ኪሎ ነው፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ባለ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ 7 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከቆርቆሮ ወደ ሺንግል ሲለወጥ ከአንድ ቶን በላይ ይጨመርበታል። ለቆርቆሮ ተብሎ በቀጭን ባሕር ዛፍና በሞራሌ የተዋቀረ ጣሪያ ላይ ሳይጠናከር መጫን ቤቱን ማጉበጥ ነው። ምስጥ የነካው እንጨት ካለ ከዚያ በፊት ይለወጥ።

የፕላይውዱ ሉሆች መካከል 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ካልተተወ እንጨቱ ሲሰፋ ሺንግሉን ያጎብጠዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሺንግል አራት፣ ንፋስ በሚበዛበት ቦታ ስድስት ምስማር ይመታል። ምስማሩ ጋልቫናይዝድ፣ ራሱም 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ራሱ ከሺንግሉ ገጽ ጋር እኩል ሲሆን መምታት ይቆማል፤ ጠልቆ ከገባ ምንጣፉን ይቆርጣል። የሚመታው ከማጣበቂያው መስመር ሥር ነው። ወደ ላይ ከወጣ ሺንግሉ ይንሸራተታል፤ ወደ ታች ከወረደ ራሱ ይጋለጥና ዝናብ ያስገባል።

አንድ እሽግ አብዛኛውን ጊዜ 3 ካሬ ሜትር ይከድናል። ለ100 ካሬ ሜትር 34 እሽግ ይበቃል፤ ለቁርጥራጭና ለጣሪያው ቁንጮ አንድ አሥረኛ ይጨመርበት።

ድሬዳዋ ላይ ሥራው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አቧራ ነው። ከዝናብ በፊት የሚነሣው ንፋስ አቧራውን ማጣበቂያው ላይ ካሳረፈው፣ ፀሐይ ቢያቀልጠውም አይዝም። የተከፈተ እሽግ በዚያው ቀን ተገጥሞ ማለቅ አለበት፤ መስመሩ ላይ አቧራ ካለ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ሁለተኛው ከኮርኒስ በላይ የታፈነ አየር ነው። መውጫ ያጣ ሙቀት ሺንግሉን ከሥር ስለሚያበስለው ዕድሜው ያጥራል። የመተንፈሻው ስፋት ከኮርኒሱ ስፋት አንድ 150ኛ ይሆናል፤ ግማሹ በአሸንዳው በኩል፣ ግማሹ በቁንጮው በኩል ከተደረገ አንድ 300ኛ ይበቃል። 90 ካሬ ሜትር ቤት ከሥር 0.15፣ ከላይ 0.15 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። በሐረር፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይዘገያል፤ መተንፈሻው ግን እዚያም አይቀርም።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ እሽጉን መመዘን ነው። ለ3 ካሬ ሜትር ከ24 ኪሎ በታች የሆነ ወይ ሬንጁ፣ ወይ ድንጋዩ ተቀንሶበታል። ከዚያ ገጹን በእጅ ማሸት። ጥቂት ቅንጣት መራገፉ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብም አሸንዳ ውስጥ ይታያል። ጥቁሩ ሬንጅ ብቅ ካለ ግን አይገዛ። ፀሐይ ላይ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ከርሞ የተጣበቀ እሽግም እንዲሁ፤ ሲላቀቅ ገጹ ይገሸለጣል።

የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥባቸው ሰፈሮች ከጣሪያ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ቤተሰብ አንድ ነገር ይወቅ፦ ከሺንግል ላይ የሚወርደው ውሃ ለአትክልትና ለመጸዳጃ ይሆናል፤ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ አይሁን። ለመጠጥ የሚያጠራቅም ሰው በቆርቆሮው ቢቆይ ይሻለዋል።