ሸረሪት ያልሠራችው ጥፋት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አንገት ወይም ክንድ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል በታየ ቁጥር ቀድማ የምትጠረጠረው ሸረሪት ናት። ከክሱ ብዙው ግን የሌላ ጥፋት ነው።

«ሸረሪት ሸናችብኝ።»
ሸረሪት ቆዳ የሚያቃጥል ሽንት የላትም። ዝናብ ሲያባራ፣ ማታ የአምፖል ብርሃን ተከትሎ ቤት የሚገባ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም የተፈራረቀበት፣ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ጥንዚዛ አለ፤ ፔዴረስ ይባላል። አይነክስም፣ አይናደፍም፤ ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ግን በሰውነቱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ ያቃጥላል። ቁስሉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ በመሆኑ ጥንዚዛው ይረሳል፤ ጣሪያው ጥግ ያለችው ሸረሪት ግን ትታያለች። ክርን መታጠፊያ ላይ ከሆነ ቁስሉ ትይዩ ባለው ቆዳ ላይም ይታተማል። ስለዚህ ጥንዚዛውን እፍ ብሎ ማባረር፣ ከተጨፈለቀም ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይበጃል። በአንድ ጎን ብቻ ተሰልፎ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የልጅነት ጉድፍን ያመጣው ቫይረስ ከነርቭ ውስጥ ሲቀሰቀስ የሚከሰት ሕመም ነው። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ሸረሪት ስትወነጀል የሚባክነውም ይኸው ጊዜ ነው።

«ሸረሪት ነፍሳት ናት።»
አይደለችም። ስምንት እግር አላት፤ ክንፍና አንቴና የላትም፤ ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው።

«ሸረሪት ሁሉ ድር ታደራለች።»
ሐር የማትፈትል ሸረሪት የለችም፤ ወጥመድ የማትዘረጋ ግን ብዙ ናት። ፀሐይ በሚያሞቀው ግድግዳ ላይ የምትታየው ዘላይ ሸረሪት በሁለት ትልልቅ የፊት ዓይኖቿ አነጣጥራ፣ መያዣ ክር ለጥፋ ትወረወራለች። ሌላዋ አዳኝ፣ ተኩላ ሸረሪት የምትባለው፣ የእንቁላሏን ከረጢት ከኋላዋ አጣብቃ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ልጆቿን ታዝላለች።

«ዓይነቷ በቀለሟ ይታወቃል።»
ቀለም በዕድሜ ይለወጣል፤ ናሙናው በሚቀመጥበት አልኮልም ይደበዝዛል። አጥኚዎች በአብዛኛው የሚተማመኑት የአዋቂዎቹን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ በማየት ነው፤ በስልክ ፎቶ ብቻ ስም ለመስጠት መቸኮል አይገባም።

«የአገራችንን ሸረሪቶች ያጠና የለም።»
ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ፓቬሲ የሸዋን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን የተመለከተ ጥናት ያሳተመው በ1883 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሆኖም ከሸዋ የተሰበሰበ ናሙና ለወሎ ምስክር አይሆንም። ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የሁለቱን ናሙና በአንድ ብልቃጥ መቀላቀል ጥናቱን ያበላሻል። በየብልቃጡ ውስጥ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ ተጽፎ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።