ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም

ገጠር ላደገ ሰው ይህን አባባል ማስረዳት አያስፈልግም። ቤትና ቤት በማሳ በተራራቀበት አገር ሌሊት ጅብ በረት ቢገባ ወይም ጎጆ ቢቃጠል፣ ከማዶ ያለው ሰው የሚያውቀው በኡኡታ ነው። የሰማ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ደግሞ በማግስቱ በመንደሩ ሰው ፊት ያፍራል። ባለቤቱ አፉን ይዞ ከተቀመጠ ግን ጎረቤት ከየት አውቆ ይምጣ?

ዛሬ አባባሉን የምናነሳው በአብዛኛው ለወቀሳ ነው። የተበደለ ሰው ዝም ሲል «ባለቤት ካልጮኸማ…» እንልና እንተወዋለን። እኔ ግን ግዴታው የሁለት ሰው ነው ባይ ነኝ፤ ባለቤቱ ይጩህ፣ የሰማውም ይድረስ። የአሜሪካኖቹን የፊልም ሽልማት፣ የኦስካርን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ሁለተኛው ግዴታ ነው የሚያንገበግበኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ሃቲ ማክዳንኤል በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ ሆነች። ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደበት የሎስ አንጀለሱ አምባሳደር ሆቴል ጥቁር እንግዳ አያስተናግድም ነበር፤ የገባችው የተሸለመችበት ፊልም ፕሮዲውሰር ለምኖላት ነው። ያስቀመጧትም ከሥራ ባልደረቦቿ ነጥለው፣ ግድግዳ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሽልማቱ በኋላም ሲሰጧት የኖሩት ሚና በአብዛኛው ያው የገረድ ሚና ነበር። በ1952 ስትሞት፣ ልቀበርበት ብላ የተናዘዘችበት የሆሊውድ መካነ መቃብር ጥቁር አናስገባም ብሎ መለሳት። እንዲህ ያለችውን ሴት «ለምን አልጮህሽም?» ብሎ መውቀስ እንዴት ይቻላል? ብትጮህስ ማን ይደርስላት ነበር? ሌላ ጥቁር ሴት በትወና ኦስካር እስክታገኝ 51 ዓመት አለፈ።

ጩኸት ጠፍቶም አይደለም። በ1996 የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ቄስ ጄሲ ጃክሰን በኦስካር ላይ የተቃውሞ ጥሪ አሰምተው ነበር፤ የደረሰላቸው ጥቂት ነው። በ2012 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የኦስካር ድምፅ ሰጪዎች እነማን እንደሆኑ ሲያጣራ 94 በመቶ ያህሉ ነጮች፣ 77 በመቶው ወንዶች ሆነው ተገኙ። ማዶ ለማዶ ሳይሆን ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ነበር የሚደማመጡት።

በ2015 በትወና ከታጩት 20 ሰዎች 20ዎቹም ነጮች ሆኑ። በሙያዋ የሕግ ባለሙያ የነበረችው ኤፕሪል ሬይን «ኦስካርስ ሶ ዋይት» የሚል ሃሽታግ ትዊተር ላይ ጻፈች፤ «ኦስካር ነጭ በነጭ ሆነ» እንደማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት እጩዎቹ ዳግመኛ 20 ነጮች ሲሆኑ ኡኡታው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። የፊልም ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ እና ተዋናይቷ ጄዳ ፒንኬት ስሚዝ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አንገኝም አሉ። በዚያው ጃንዋሪ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ቦርድ የሴቶችንና ነጭ ያልሆኑ አባላቱን ቁጥር እስከ 2020 በእጥፍ ለማሳደግ ወሰነ። በ2020 አንድ የኮሪያ ፊልም በምርጥ ፊልምነት አሸነፈ፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። በ2023 ሚሼል ዮ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ የመጀመሪያዋ እስያዊት ተሸላሚ ሆነች። በዚያው ዘርፍ በ2002 የተሸለመችው ሃሊ ቤሪ ግን እስካሁንም ብቸኛዋ ጥቁር ሴት ናት።

ከእኛ ሰው ደግሞ የጎንደሩ ተወላጅ የፊልም ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ አሉ። የባርነትን ታሪክ የሚተርከው ፊልማቸው «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ቢወዳደርም አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጣ። እሳቸውና የትዳር አጋራቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። ለእኔ ባለቤት ጮኸ ማለት ይህ ነው። ማንም ሳይደርስላቸውም አላቆሙም። ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነው፤ በዚያው ዓመት አዲሱ የአካዳሚ ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ላይ ሸለማቸው። 28 ዓመት ቆይቶ የደረሰ ጎረቤት ደረሰ ይባላል? ዘግይቶም ቢሆን በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ የባከነው ዘመን ግን ያንገበግበኛል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ፊልም ሊሠሩ ይችሉ ነበር?

ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ ያስተማሩት ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃቲ ማክዳንኤልም ሽልማቷን የተናዘዘችው ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የያኔዎቹ ረዳት ተዋንያን ይሸለሙ የነበረው ሐውልት ሳይሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ያ ሰሌዳ ጠፍቶ ለአሥርት ዓመታት ሳይገኝ ቀረ። አካዳሚው ምትኩን አሠርቶ ለሃዋርድ ያስረከበው ኦክቶበር 1 ቀን 2023፣ እሷ ከሞተች ከ71 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።