አኦርታ ውስጥ ቱቦ ከገባ በኋላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አጎቴ ለሕክምና ውጭ አገር ሄደው በሰላም ጅማ ገቡ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው አኦርታ አብጦ ነበር። አኦርታ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ሆድ አካባቢ ስፋቱ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የእሳቸው ከ6 አልፎ ነበር። ወንዶች ላይ 5.5 ሲደርስ የመፈንዳት አደጋው ስለሚያይል፣ ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ይጠገን ይላሉ። ሆዳቸው ሳይከፈት በብሽሽታቸው በኩል ስቴንት ግራፍት ገባላቸው። በብረት ጥልፍልፍ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ ማለት ነው።

ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ አዲስ ምክር ይመጣል። ሁሉም ከፍቅር ነው። አንዳንዱ ምክር ግን ሰው ይጎዳል፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

“አዲሱ ቧንቧ ከድሮው ይሻላል”

እንዳይፈነዳ ከሆነ፣ አዎ ይሻላል። ለልብ ግን እንደ ድሮው አይመቸውም። ጤነኛ አኦርታ ደም ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ልብ አንዴ ሲመታ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን አኦርታና ትልልቆቹ ቅርንጫፎቹ ተለጥጠው ያቆዩታል። ልብ ሲያርፍ ግድግዳቸው ይሰበሰብና ያቆዩትን ወደፊት ይገፋሉ። ለዚህ ነው በሁለት ምት መሃል ደሙ የማይቆመው። የልብ ጡንቻ ራሱም አብዛኛውን ደም የሚያገኘው በዚያች የእረፍት ጊዜ ነው።

የቱቦው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። እንደ ሥጋ አይለጠጥም። እንዲለጠጥም አይፈለግም፤ ከተለጠጠ እብጠቱን ከግፊት አይጠብቅም። ሰውየውን ከሞት የሚያድነውም፣ ቧንቧውን የሚያደነድነውም ያው ጨርቅ ነው።

መደንደኑ ምን ያመጣል? የልብስ ማስጫ ገመድ አስቡ። ገመዱ ላላ ብሎ ሳለ አንዱን ጫፍ ብትነቀንቁት ማዕበሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ወጥራችሁት ብትመቱት ግን ሮጦ ሄዶ፣ ወዲያው ተመልሶ እጃችሁን ይመታል። የልብ ምትም በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንዲሁ ማዕበል ሆኖ ይጓዛል። ይህ የደሙ ፍጥነት አይደለም፤ ማዕበሉ ከደሙ በጣም ይፈጥናል። ከአንገት እስከ ብሽሽት ተለክቶ በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ ቧንቧው ደንድኗል ይባላል። ቱቦው ከገባ በኋላ ይህ ፍጥነት እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ያኔ ማዕበሉ ልብ ገና እየገፋ ሳለ ተመልሶ ይደርስበታል። ልብ የራሱን ማዕበል እየታገለ ይረጫል። ዓመታት ሲያልፉ የግራ ልብ ጡንቻ ሊወፍር ይችላል።

ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ደረት ውስጥ ያለው አኦርታ ከሆዱ ይልቅ ተለጣጭ ነው፤ እዚያ ረጅም ቱቦ ሲገባ ለውጡ ይበረታል።

“ስቴንት መንገድ ይከፍታል፣ ግፊቱ አሁን ይወርዳል”

ይህን ያሉት የልብ ስቴንት የተደረገላቸው ጎረቤት ናቸው። የእሳቸው ጠቦ የነበረን ቧንቧ ከፍቷል። የአጎቴ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ያለልክ ሰፍቶ ነበር። እብጠቱ ውስጥ ደም ይሽከረከራል፣ ይዘገያል፣ ግድግዳው ላይም ይረጋል። ቱቦው ደሙን እንደገና በቀጭን መስመር እንዲሄድ አደረገው። ግፊት ማውረድ ግን ሥራው አይደለም።

አንድ ቀን ግፊታቸው ተለክቶ 152 በ70 ሆነ። “ታችኛው 70 ነው፣ በቃ ድነዋል፣ ኪኒኑን ይተውት!” አለ አንዱ። ደነገጥኩ። በላይኛውና በታችኛው መሃል ያለው ሰፊ ልዩነት ራሱ የደነደነ ቧንቧ ምልክት ነው። ኪኒን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ሐኪም ብቻ ነው።

“እብጠቱ ተቆርጦ ወጥቷል”

አልወጣም፣ እዚያው ነው። ቱቦው በውስጡ ሲያልፍ ደም እንዳይደርሰው ከለለው እንጂ። ነገሩ ከሰመረ እብጠቱ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን በቱቦው ጫፍ በኩል ደም ሾልኮ ይገባል፣ ወይም ከጀርባ ያሉ ትናንሽ ደም ቅዳዎች ወደ ኋላ ያስገቡበታል። ይህ አያምም፣ አይታወቅም። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ካልታየ በቀር እብጠቱ ዝም ብሎ ሊያድግ ይችላል። በተለምዶ ምርመራው በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። “ደህና ነኝ” ብሎ መቅረት የለም።

“ወጣት ከሆነማ ምንም አይለውም”

በመኪና አደጋ ደረቱ ተመትቶ አኦርታው ለሚቀደድ ወጣት ይኸው ቱቦ ሕይወት ያድናል። ለውጡ የሚከብደው ግን ለእሱ ነው። የ70 ዓመት ሰው አኦርታ ቀድሞውንም በዕድሜ ደንድኗል። የ25 ዓመቱ ግን እንደ ላስቲክ ነው፤ መሃሉ ላይ ግትር ቱቦ ሲገባበት ልዩነቱ ይጎላል፣ አብሮት የሚኖረውም ብዙ አሥርት ዓመታት ነው። ወጣቱ ከሽማግሌው ባልተናነሰ ግፊቱን መከታተል አለበት።

“ጫት ደም ያዘዋውራል”

ጅማ ላይ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ደም ስሮችን ያጠባል፣ ግፊትን ይጨምራል። ለደነደነ ቧንቧ ጭነት ላይ ጭነት ነው። ሲጋራው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ለሆድ አኦርታ እብጠት ዋናው አጋላጭ እሱ ነው። አጎቴ ሁለቱንም ትተዋል። በርጫው ላይ አብረው የሚቀመጡ ጓደኞቻቸው ስለ ቀሩባቸው ከብዷቸዋል፤ አሁን ለቡና ይመጡላቸዋል።

“ከአልጋ አይነሱ” እና “ይህ እኮ ሙከራ ነው”

መራመድ ይጠቅማል። አጎቴ ጠዋት ጠዋት በአዌቱ ወንዝ ዳር ይሄዳሉ። ከባድ ነገር ማንሳት ብቻ፣ ሐኪማቸው እስኪፈቅድ፣ ቀርቷል። ሙከራም አይደለም። ሐኪሞቹ ኒኮላይ ቮሎዶስ በዩክሬኗ ካርኪቭ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሁዋን ፓሮዲ በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ በ1990 ነው ይህን ሕክምና የጀመሩት።

አክስቴ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝታለች። ጠዋትና ማታ ግፊቱን ለክታ ላይኛውንም ታችኛውንም ትጽፋለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቱቦው ዓይነትና መጠን ያለበትን ካርድ ለጥፋለች። ድንገት የበረታ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ነገ ይነጋል ሳይባል ደብተሩ ተይዞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።