ያን ቫን ኤይክ እና የዘይት ቀለም

ያን ቫን ኤይክ በዛሬዋ ቤልጅየም ብሩዥ ከተማ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1441 ያረፈ የፍላንደርስ ሠዓሊ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ሲነሳ "የዘይት ቀለምን የፈለሰፈ" የሚለው ወሬ አብሮት ይነሳል። ወሬውን ያዛመተው በ1550 የሠዓልያንን ታሪክ ያሳተመው ጣሊያናዊው ጆርጆ ቫዛሪ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ ቀለምን በተልባ ዘይት ስለመለወስ የጻፈው በ12ኛው መቶ ዘመን ነበር። ቫን ኤይክ ዘይቱን አልፈጠረውም፤ አወቀበት እንጂ።

ተልባ እኛ በጥብጠን የምንጠጣው ያው ተልባ ነው። ዘይቱ እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። በእንቁላል አስኳል የተለወሰ ቀለም ወዲያው ስለሚደርቅ አንዱን ቀለም ከሌላው ጋር አለስልሶ ማዋሐድ ያስቸግራል። ዘይት ግን ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ለታጋሽ እጅ ይመቻል። ቫን ኤይክ የኦክ ጣውላ በጠመኔና በእንስሳ ሙጫ ነጭ አድርጎ ይለስናል፤ ንድፉን ይነድፋል፤ ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም በላይ በላዩ ይደርባል። ብርሃኑ ቀለሙን ዘልቆ ከነጩ ልስን ይመለሳል። ልብሱና ዕንቁው ከውስጥ የሚበራ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል (1434) 82 በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከጥንዶቹ ጀርባ የተሰቀለው ክብ መስታወት ግን ክፍሉን በሙሉ፣ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችን ጨምሮ፣ ገልብጦ ያሳያል። ከመስታወቱ በላይ "ያን ቫን ኤይክ እዚህ ነበር" የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ። የሠዓሊ ፊርማ ይሁን የምስክር ቃል፣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

ቫን ኤይክ ከ1425 ጀምሮ የቡርጎኝ መስፍን የደጉ ፊሊፕ ባለሟል ነበር። በ1428 የመስፍኑን እጮኛ ኢዛቤላን እንዲሥል ወደ ፖርቱጋል ተልኳል፤ ያ ሥዕል ጠፍቷል። የሒሳብ ሹማምንት ክፍያውን ባጓተቱ ጊዜም መስፍኑ በ1435 ደብዳቤ ጽፎ ገሥጿቸዋል፤ በጥበቡ አቻ አይገኝለትም ሲል።

ከወንድሙ ከሁበርት ጋር የሚጠራው ትልቁ ሥራ በ1432 የተመረቀው የጌንት መሠዊያ ሥዕል ነው፤ ሁበርት ግን ፍጻሜውን ሳያይ በ1426 ሞቷል። ሥዕሉ የሚገኘው በቤልጅየሟ ጌንት ከተማ በቅዱስ ባቮ ካቴድራል ነው። ሥዕሉ ከተሣለባቸው ጣውላዎች "ጻድቃን ዳኞች" የተባለው አንዱ በ1934 ተሰርቆ እስካሁን አልተገኘም፤ በቦታው ቅጂ ተተክቷል።